ለጄኒልሶን ውሃ የሰጠችው ሴት

ጄኒልሶን ባሕር ተሻግሮ ኳስ የተጫወተው በእናቱ ስለት ነው። በእኛ ከተማ ይህን የሚጠራጠር አልነበረም። ልጁ ገና ለአንድ ትንሽ ቡድን ተቀያሪ አጥቂ ሆኖ ወንበር በሚያሞቅበት ዘመን፣ እናቱ ዶና ኪቴሪያ ሩቁ ካኒንዴ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ላለው ለቅዱስ ፍራንቸስኮስ ተሳሉ። ልጄ ውጭ አገር ፈርሞ ቢጫወት እንዳንተ ቡናማ ቀሚስ ለብሶ፣ ከቤታችን ደጃፍ ተነሥቶ በእግሩ ይመጣና ማሊያውን ይሰቅልልሃል አሉ። እኛ ጋ እናት በልጇ እግር ትሳላለች፤ ልጁን የሚጠይቀው የለም። ተሳዩ ስለቱ ሳይደርስ ከሞተ ግን ነፍሱ ዕረፍት አታገኝም ስለሚባል፣ ሁሉም ልጅ እያጉረመረመም ቢሆን ይሄዳል።

ጄኒልሶን አልሄደም። የፖርቹጋሉ ቡድን በድንገት ጠራው፤ ቶሎ ካልመጣህ ሌላ ሰው አለን አሉት። የካኒንዴ መንገድ ደግሞ በእግር ቀናት ይፈጃል። ሊነጋጋ ሲል እናቱ ደጃፍ ላይ ቆመው እያማተቡ ሸኙት። ከመቃብሩ በስተጀርባ የአክስቱ ልጅ ኤዲማር በሞተር ብስክሌት ይጠብቀው ነበር። አብረው ነው ያደጉት፤ ኤዲማር በግራ ክንፍ ሲያሻማ ጄኒልሶን በጭንቅላት ያገባ ነበር። ቀሚሱን አውልቆ አለበሰው፤ ማሊያውን ሰጠው። ቅዱሱ የማን እግር እንደሆነ አይመረምርም ብሎት በሞተሩ ወደ አውቶቡስ ሄደ። ኤዲማር ተራመደ።

የመጀመሪያው ስልክ ከፖርቹጋል መጣ። ከካኒንዴ በዚያው ያለፈ የመሰላቸው እናቱ እግርህ ተላላጠ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ተላላጠ አለ። ውሃስ ማን ሰጠህ አሉ። አንዲት አሮጊት አለ፤ ሌላ መልስ አልመጣለትም።

ከዚያ በኋላ ዕጣው ከአገር አገር መዞር ሆነ። ቆጵሮስ ላይ ብሽሽቱን ታሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ከረመ። እናቱ ስለዚያች ሴት ሲጠይቁት ቤቷ መታጠፊያው ላይ ነው፣ ደጇ ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ አላቸው። ታሽከንት ሜዳው በረዶ ለብሶ ጨዋታ ሲቋረጥ፣ ብቻውን አፓርታማ ውስጥ ተቀምጦ ስም አወጣላት፤ ዙልሚራ። ኮሪያ ሦስት ጎል ባገባበት ሳምንት ባሏ የሞተባት ሆነች፤ አንድ ዓይኗም ደከመ። ኦማን ላይ ጉልበቱን ሲሰብሩት፣ ያን ጊዜ እግሬን ያጠበችኝ እሷ ናት ብሎ ነገራቸው። ሌላው ተጫዋች ለእናቱ ከየአገሩ ዕቃ ይልካል፤ እሱ ዙልሚራን ይልክ ነበር። ውሸቱ ይህን ያህል ዓመት የቆየው እናቱን ደስ ስላሰኛቸው ነው። እሱም ስልኩን ሲዘጋ ጥሩ ልጅ የሆነ ይመስለው ነበር።

ዶና ኪቴሪያ ማታ ማታ ለሟች ባላቸው ከጸለዩ በኋላ ለዙልሚራ ይጸልዩ ነበር።

ጫማውን ሰቅሎ ሲመለስ የተጠበሰ ፍየል ተዘጋጅቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ። እናቱ ልጃቸው በቡናማ ቀሚስ የሄደበትን መንገድ እንደገና አወሩ። ኤዲማር ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም። አንዱ ጎረቤት፣ ኤዲማርም አንድ ጊዜ ቢራመድ ኖሮ ኮሪያ በደረሰ ነበር ብሎ ሲቀልድ ሁሉም ሳቁ። ጄኒልሶንም ሳቀ። ወዲያው ግን የገዛ ሳቁን ሰማውና ሳህኑን ገፋ።

ከምግቡ በኋላ እናቱ ጓዳ ገብተው አንድ ቀሚስ ይዘው ወጡ፤ አበባ ያለበት፣ በእጃቸው የሰፉት።

«ለዙልሚራ ነው» አሉ። «ዓይኗ ደካማ ስለሆነ ቁልፎቹን ትልልቅ አደረግኋቸው። ልቤ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሳልሞት አመሰግናታለሁ። ለቅዱሱ በዓል ካኒንዴ ውሰዱኝ።»

ጄኒልሶን ቤት ቀይራ ሊሆን ይችላል አለ። ጎረቤት እንጠይቃለን አሉት። አርጅታለች አለ። እኔም አርጅቻለሁ አሉት።

በኤዲማር ፒካፕ ሄዱ። ነዳጅ ለመቅዳት ሲወርዱ ጄኒልሶን ምን እናድርግ ብሎ አንሾካሾከ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ?» አለ ኤዲማር። «ታሽከንት ላይ የወለድካት አንተ ነህ። አሁን አሳድጋት።»

በዚያ መንገድ ላይ መታጠፊያም የማንጎ ዛፍም ሞልቷል። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ እናቱ አቁሙ አሉ። ቤት፣ መታጠፊያ፣ ማንጎ፤ ሁሉም ነበር። ጄኒልሶን ቀድሞ ወረደ። አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ ሉዚኔቴ እባላለሁ አለችው። አጥሩ ላይ ተደግፎ ነገሩን በአጭሩ ነገራትና ዙልሚራ እዚህ ትኖር ነበር፣ ሞታለች በዪልኝ ብሎ ለመናት። ሴትዮዋ ወደ ፒካፑ አየች። የቅዱሱን ተሳላሚ አልዋሽም ልትል አፏን ከፍታ፣ ዶና ኪቴሪያ ጥቅላቸውን ታቅፈው ከመኪናው በር ጋር ሲታገሉ አይታ ተወችው።

«እናቴ ነበረች እላለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ለሳቸው ስል ነው። ላንተ አይደለም።»

አሮጊቷ ደረሱ፤ ሉዚኔቴም፣ እማማ፣ ዙልሚራ እናቴ ነበረች፣ አርፋለች አለቻቸው።

ዶና ኪቴሪያ አቧራው ላይ ተንበረከኩ። ኤዲማር ሊያነሣቸው ቢሞክር እጁን ገፉት። ለዙልሚራ ነፍስ ጸለዩ፣ አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው የሉዚኔቴን እጅ ያዙ። ስትሞት ታማ ነበር ወይ፣ ቄስ ደርሶላታል ወይ፣ መቃብሯ የት ነው፣ ዓይኗስ በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ ወይ ብለው ጠየቁ። ሉዚኔቴ አንዱን መለሰች፤ ሁለተኛውን ጀምራ ተወችው። ጄኒልሶንን አየችው። ብዙ ሺህ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሰድቦት ያውቃል፤ እንደዚያ ያየው ግን አልነበረም።

«እማዬ፣ ተነሺ» አለ። «ዙልሚራ የምትባል ሴት የለችም። አልተራመድኩም። ኤዲማር ነው የሄደልኝ።»

እናቱ ከጉልበታቸው አልተነሡም። ወደ ኤዲማር ዞሩ።

«አንተ ነህ?»

«አዎ አክስቴ።»

«ውሃ ማን ሰጠህ?»

ኤዲማር ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ሰጥቶኛል አለ፤ ስሙን አልጠየቅኩትም፣ ብዙም አላወራንም።

«እኔ ደግሞ በየማታው ለባዶ ቤት ስጸልይ» አሉ ዶና ኪቴሪያ። «ቅዱሱ እየሰማኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ላንተ ሳልጸልይ። በዚያ ምሳ ላይ ሲስቁብህም ዝም ብዬ።» ከዚያ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «አፍሬያለሁ፣ ኤዲማር።»

ጄኒልሶን ይቆጡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ያፈሩት ግን እሳቸው ሆኑ፤ የሱን ዕዳ ተሸክመው ከኤዲማር ፊት አጎንብሰዋል።

በሉዚኔቴ ድጋፍ ተነሡ። ቀሚሱን ሰጧትና፣ ቁልፉ ትልቅ ነው፣ ቀይሪው ብለው ነገሯት። መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀመጡ። ጄኒልሶን በሩ አጠገብ ቆመ።

«ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ እሄዳለሁ ግን» አለ።

«ከዚህ አይደለም» አሉ እናቱ፤ አላዩትም። «ከደጃፋችን ነው ያልኩት። እኔ ከኤዲማር ጋር ሄጄ ካኒንዴ እጠብቃለሁ። መምጣት አለመምጣትህን ከእንግዲህ በስልክ አትንገረኝ።»

ፒካፑ ሄደ። ጄኒልሶን በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለሰ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ከደጃፉ ወጣ፤ ማንም አላማተበለትም። ቀሚስ ስላልነበረው በከነቴራ ሄደ። ፀሐይ ከፍ ስትል ማንከስ ጀመረ። አንድ ባለ ሞተር አጠገቡ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰና አንተ ጄኒልሶን አይደለህ፣ ና ውጣ ላድርስህ አለው። ስለት ነው አለው። ሰውየው ተገረመ።

«እናትህ የተሳሉትን አድርሰህ አልነበር? አገሩ ሁሉ የሚያወራው!»

«አላደረስኩም» አለ ጄኒልሶን። «ኤዲማር ነው ያደረሰው።»

ባለ ሞተሩ ጥቂት አብሮት አዘገመ፤ ከዚያ ፍጥነት ጨምሮ፣ ወሬውን ይዞ ወደ ከተማው ገበያ ዞረ። ጄኒልሶን ቆም ብሎ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጠና መንገዱን ቀጠለ።