ጌታሁን የሚያፏጨው ዘፈን

ያምሮት በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ጠባብ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ደንበኛ ኖረም አልኖረ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈን አይቋረጥባትም ነበር። ከጎረቤቷ ከታንጉት ቤት የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። የታንጉት ባል ጌታሁን፣ የብየዳ ሠራተኛው፣ በድንገት ታሞ የሞተ ዕለት ያምሮት ስፒከሩን ነቅላ መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ለቅሶ ቤት ጎን ዘፈን ማሰማት ነውር ነውና ማንም እንዲነግራት አላስፈለገም።

ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ አንድ ሰኞ አመሻሽ ላይ ታንጉት በጓሮ በር ገባች። ያምሮት ደንገጥ ብላ ተነሣች።

«እትዬ ታንጉት፣ ምነው? ምን ልታዘዝ?»

«ዘፈኑን ለምን ዘጋሽው?»

«እንዴ! እናንተ ሐዘን ላይ ሆናችሁ እንዴት ብዬ…»

«አንችስ ደግ አደረግሽ። ግን ቤቱ ጭር ሲል አላስቀምጥ አለኝ። ጌታሁን ከሥራ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ያንችን ዘፈን እየተከተለ ያፏጭ ነበር። ሁልጊዜም አንዷን። ዜማዋ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ አለች፤ አልወጣ አለችኝ እንጂ። ቃሉንማ ከነአካቴው አላውቀው፤ በግድግዳ በኩል ምን ይሰማል? እባክሽ ፈልጊልኝ።»

የያምሮት ዘፈኖች ሁሉ አንድ ፍላሽ ላይ ናቸው። ከዘመዱም ከጓደኛውም ያስገለበጠችው ነው፤ ምን እንዳለበት እሷም በቅጡ አታውቀውም። ችግሩ ግን እሱ አልነበረም። የጌታሁን እናት ወይዘሮ እጅጉ ከፈረስ ቤት ከተማ መጥተው አሁንም ከምራታቸው ጋር ነበሩ። ቆፍጣና ሴት ናቸው፤ በለቅሶው ላይ እንኳ ወግ ያጎደለ ሰው ሲያዩ ዝም አላሉም። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ተማከሩ። እሳቸው ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ታንጉት በጓሮ እየመጣች ከመንገዱ ራቅ ባለችው የዕቃ ክፍል ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርገው ሊሰሙ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ምሽት በ«አይደለም» እና በ«እለፊያት» አለቀ። ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴት በማሲንቆ ስለ አባይ ሙላት የምትዘፍነው ገባ። ታንጉት «አይደለም» አለች፤ ያምሮት ልታልፈው ስትል ግን እጇን ያዘቻት።

«ቆይ፣ ትጨርስ። ድምፅዋ ደስ ይላል።»

ረቡዕ ደግሞ የአገውኛ ዘፈን መጣ። የያምሮት እናት ከቡሬ አጠገብ የመጡ የአዊ አገው ናቸውና ቋንቋውን ከልጅነቷ ታውቀዋለች።

«ምን ይላል?» አለች ታንጉት።

«‹ዝናቡ መጣ፣ ደጅ የቀረውን አስገቡ› ነው የሚል።»

«እህል ነው ወይስ ሰው?»

«እሱን አይናገርም።»

ታንጉት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ድገሚልኝ» አለች። ሦስቴ ሰሙት።

ሐሙስ መብራት ጠፋ፤ የስፒከሩም ባትሪ ሞተ። «እስኪ እርስዎ ያፏጩት፣ ምናልባት አውቀው ይሆናል» አለች ያምሮት። ታንጉት ከንፈሯን አሹላ ሞከረች። ከትንፋሽና ከምራቅ በቀር ምንም አልወጣም። ተያይተው ፈገግ አሉና ተለያዩ። ዓርብም እንዲሁ ሳይገኝ አለፈ።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ያምሮት ፍላሹ ላይ ሰሞኑን ያልነካችውን አንድ ማኅደር ከፈተች። መጀመሪያ ዋሽንት ተሰማ፤ ከዚያ ከበሮው ሲገባ ታንጉት ከተቀመጠችበት ዱካ ብድግ አለች።

«እሷ ናት! እሷው ናት!»

ቃሉን ሊሰሙ ጎንበስ አሉ። ዘፋኙ በቅሎ ሊገዛ ገበያ ወርዶ፣ ብሩን ጠጅ ቤት ጨርሶ፣ አንድ አውራ ዶሮ ታቅፎ ይመለሳል። ሚስቱ ብትቆጣው «ገና ግልገል በቅሎ ናት፣ ስታድግ ታያታለሽ» ይላታል። ታንጉት አፏን ከፍታ ቀረች።

«እኔ ደግሞ ስለ ፍቅር ይመስለኝ ነበር!» አለች። «አምሽቶ ሲገባና ስቆጣው ነበር አጥብቆ የሚያፏጨው። ለካ እየመለሰልኝ ነው!»

ከዚያ ሳቋ መጣ። ልታፍነው ብትሞክር አልሆነም፤ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያምሮትም ተከተለቻት። የጓሮው በር ሲከፈት ሁለቱም አልሰሙም።

ወይዘሮ እጅጉ ከጸሎት ተመልሰው፣ ነጠላቸውን ለሐዘን እንዳዘቀዘቁ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ያምሮት ስፒከሩን ለመዝጋት ስትራወጥ ጣለችው። «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው…»

«የለም፣ እኔ ነኝ የለመንኳት» አለች ታንጉት። «ልጅዎ የሚያፏጨው ዘፈን ነው እማማ። እሱን ስፈልግ ነው የሰነበትሁ።»

አሮጊቷ ወደ ወደቀው ስፒከር ጠቆሙ። «አንሽው» አሏት ያምሮትን። «ከመጀመሪያው ይሁን።»

ቆመው ሰሙት። ከንፈራቸውን እንደገጠሙ ነበሩ፤ ባልየው ዶሮውን በቅሎ ነው ሲል ግን አገጫቸው ተንቀጠቀጠ።

«ሚስቱ አመነችው?»

«አላመነችውም እማማ።»

«እንደሱ ነው። የጌታሁንም አባት ጨው እንዲገዛ ልኬው ባርኔጣ ገዝቶ መጥቷል» አሉና ዱካው ላይ ተቀመጡ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ ከደረታቸው ወጣ። ታንጉት እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብላ ጉልበታቸውን አቀፈች። «ልጄን ሲያፏጭስ ሰምቼው አላውቅም» አሉ እሳቸው፤ «እኛ ቤት ፉጨት ክልክል ነበር። አባቱ እባብ ይጠራል ይል ነበር። እዚህ መጥቶ ነው የለመደው።»

«ደስ እያለው ነበር የሚያፏጨው» አለች ታንጉት።

«ይሁና። ደስ ካለው ይሁና።»

በማግስቱ እሑድ ሁለቱም አብረው መጡ። ያምሮት እንደተለመደው ዝቅ አድርጋ ከፈተችላቸው። ሰኞ ግን አንዲት ደንበኛ ፀጉሯን ስትሠራ ከጓዳው የሚመጣውን ሰምታ፣ «ምን ዓይነት ዘመን ነው፣ አርባው እንኳ ሳይወጣ!» ብላ አጉረመረመች። ወይዘሮ እጅጉ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

«የኔ ልጅ፣ የሞተው የእኔ ነው» አሏት በእርጋታ። «ሐዘኑን እኛ ተሸክመነዋል፤ እንዴት እንደምንሸከመውም ለእኛ ተዪልን።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ወደ ጓዳ ተመልሰው ከምራታቸው ጎን ተቀመጡና፣ «እስኪ አሁን አንች የወደድሽውን አሰሚኝ» አሏት።  ታንጉት ባሏ የወደደውን ስትፈልግ ሰነበተች እንጂ፣ የራሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ተነሣችና ስፒከሩን ወደ ራሷ ስባ ፍላሹ ላይ ራሷ መፈለግ ጀመረች።