የኑሀሚን ጣሳ

የጣሳው ዱቄት እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ንጋትወርቅ ክዳኑን እንደያዘች ጥቂት ቆመች። ባለፈው ማክሰኞ ለመስክ ሥራ ወደ አዋሽ ስትሄድ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ የተወችው ይመስላታል። ይመስላታል እንጂ እርግጠኛ አይደለችም፤ አራት ቀን በመኪና ስትንገላታ ሰንብታ ትናንት ማታ የተመለሰች ሰው የስንቱን ነገር ልክ ታስታውሳለች? ስድስት ሰዓት አልፏል። ማኅበርተኞቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ መብራቱ ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ዱቄቱን ወደ ጎድጓዳው ሳህን ገለበጠችው።

ልጇ ኑሀሚን ከጎኗ ቆማ የተቀቀለ ዱባ በማንኪያ ጀርባ ትደቁሳለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ሐኪሙ ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልኳን እንዳትቀምስ ከከለከላት ሁለት ዓመት ሆኗታል። መከልከሉን ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም ግን አላመነም። ባለፈው ፋሲካ አንዲት እንግዳ «ትንሽ ምን ታደርጋታለች» ብላ በፍቅር ያጎረሰቻት ቁራሽ ድፎ አሥራ አንድ ቀን አስተኝቷታል። 

ጣሳው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ከሰመራ አጠገብ ሎጊያ ባለው ወፍጮ ቤት ስንዴውም ጤፉም የሚፈጨው በአንድ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ጤፏን ሁልጊዜ ለሁለት ትከፍለዋለች። የመጀመሪያው ሦስት ኪሎ ወፍጮው ላይ የቀረውን የስንዴ ብናኝ አጥቦ ይወጣና ለራሷ እንጀራ ይሆናል። ወደ ጣሳው የሚገባው ሁለተኛው ብቻ ነው። ይህን ለማንም አትናገርም። አንድ ጊዜ ለማስረዳት ብትሞክር ወረፋ የያዙት ሴቶች «ወፍጮ አጣቢዋ መጣች» ብለው ስለሳቁባት አፏን ዘጋች፤ ሥራዋን ግን አልተወችም።

«እማዬ፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነው አይደል የምንበላው?» አለች ኑሀሚን።

«አንድ ዓይነት።»

«ለኔ ለብቻ በሌላ ሳህን አይደለም?»

«አይደለም አልኩሽ እኮ።»

ልጅቷ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምራ ስትጠይቅ አራተኛዋ ነው። አይፈረድባትም። አምና በጽጌ ማኅበር ልጆቹ ሁሉ ዳቦ ይዘው ሲሯሯጡ እሷ ጥግ ላይ ሙዝ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ማታ ስትተኛ «ሙዝ ጠላሁ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዘንድሮ ተራው የንጋትወርቅ ሲሆን ቃል ገባችላት፤ በዚህ ቤት ለልጆች ዳቦ አይቆረስም፣ ለሁሉም የሚታደለው ኑሀሚን የምትበላው ብስኩት ነው።

ጾም ስለሆነ ቅቤም እንቁላልም አይገባበትም። ከአፋምቦ የመጣውን ቴምር ዘፍዝፋ ወቀጠችው፤ ከዱባው፣ ከዘይቱና ከጥቂት ቀረፋ ጋር ከዱቄቱ ቀላቀለችው። እጇ ይቸኩላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ግማሹን ሰሊጥ ወለሉ ላይ በተነችው፤ ኑሀሚን ከት ብላ ሳቀች፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ልጅቷ ድብልብሉን ሊጥ በሹካ ጀርባ እየተጫነች ጠፍጣፋ አደረገችው። አንዱን ብቻ እንደ አደይ አበባ ቅርጽ አወጣችለትና «ይሄ የኔ ነው» አለች።

የመጀመሪያው ዙር ከኦቭኑ ሲወጣ ቤቱ በቀረፋና በቴምር ሽታ ታወደ። ጠርዙ ቡናማ፣ መሐሉ ለስላሳ ነው። ኑሀሚን እጇን ሰደደችና መለሰችው።

«ቅመሺው እንጂ» አለቻት እናቷ።

«አይ፤ አብረን ነው የምንበላው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የጎረቤቷ የሙጂባ ድምፅ ከበሩ ተሰማ፤ አራት የፕላስቲክ ወንበር ደራርባ ተሸክማለች። ሙጂባ የዚህ ቤት ግማሽ ናት። ንጋትወርቅ ለመስክ በወጣች ቁጥር ቁልፉንም ልጅቷንም የምትረከበው እሷ ናት፤ ሰሞኑንም አራቱን ቀን ኑሀሚንን ይዛ ያደረችው እሷ ነበረች። ያለ ሙጂባ ሰመራ ላይ አንድ ወር እንደማትቆይ ንጋትወርቅ ደጋግማ ትናገራለች።

ማኅበርተኞቹ ወዲያው ተከታትለው ገቡ። ሳሎኑ ሞላ፤ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ፤ ጸሎቱ ደረሰ። ኑሀሚን ትሪውን ይዛ ብቅ ስትል ሁሉም አንገቱን አስረዘመ። ንጋትወርቅና ሙጂባ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያይዋታል።

«ማሻአላህ!» አለች ሙጂባ። «ዱቄቱ በቃሽ ንጋት?»

«ሞልቶ የለም እንዴ።»

«እኔ ነኛ የሞላሁት! አራት ቀን ገንፎ ስሠራላት ጎደለብኝ። የሰው ዕቃ ጎድሎ ይመለሳል? ትናንት ልትመጪ ስትይ ከቤቴ ጨመርኩበት።»

ንጋትወርቅ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል «ምን ዱቄት?» አለች።

«ጤፍ ነዋ! ስንዴ እንደማይሆናት ወላሂ እኔ አላውቅም? ንጹሕ ጤፍ ነው፤ ሐሙስ ሎጊያ ያስፈጨሁት።»

«ከአንቺ በፊት ማን ነበር ያስፈጨው?»

«ከኔ በፊት?» ሙጂባ አሰበች። «ሁለት ኩንታል ስንዴ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። እሱን ስጠብቅ ነው የዋልኩት...» ቀጥላ ልትናገር ብላ የንጋትወርቅን ፊት አየችና ቆመች። «ያ አላህ። ምን አደረግኩ?»

ምንም አላደረገችም። ማንም ሴት የምታደርገውን አደረገች። ያልነገረቻት ንጋትወርቅ ናት፤ የወረፋ ሴቶችን ሳቅ ፈርታ፣ ልጇን በአደራ የምትሰጣትን ሴት እንኳ ሳትነግር ከፋሲካ ወዲህ የቆየች እሷ ናት። ራሷን እንዲህ ጠልታ አታውቅም። ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ምናልባት ምንም የለበት ይሆናል፣ ብናኝ ምን ያህል ነው፣ ዛሬን ብቻ፣ ይህችን አንዲት ቀን። «ትንሽ ምን ታደርጋታለች» ያለችው ሴትዮ ድምፅ በራሷ አፍ ውስጥ ሲመጣ ደነገጠች። ወደ ምንጣፉ ሄደች።

ኑሀሚን አበባውን ብስኩት በእጇ ይዛ ሌሎቹ እስኪያነሱ ትጠብቃለች። ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ።

ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ «ስንዴ ነክቶታል?» አለች።

ንጋትወርቅ አጠገቧ በርከክ አለች። የሚዋሽ አፍ ብታገኝ በወደደች። «አላውቅም የኔ ልጅ» አለች። «አላውቅም።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። አበባውን ጥቂት አየችው፣ አሸተተችው፤ ከዚያ ከፊቷ በተቀመጠችው በአንዲት ማኅበርተኛ ልጅ፣ በትንሿ በለተማርያም መዳፍ ላይ አኖረችው። ትሪውን አንስታ አንድ በአንድ ማደል ጀመረች። ልጆቹ በሉ፤ አንዱ «ይጣፍጣል!» ብሎ ጮኸ።

ለተማርያም አፏ ሞልቶ «ያንቺስ?» አለቻት።

«እኔ በልቻለሁ» አለች ኑሀሚን።

ንጋትወርቅ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ይህን ቃል ታውቀዋለች። የወሩ መጨረሻ ላይ ድስቱ ሲያንስ፣ ከዚህችው ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ በዚሁ ድምፅ ስንት ጊዜ ብላዋለች። ልጅቷ ያመነቻት መስሏት ነበር።