የአንድ መስቀል ልጆች

ሰርኬ የልጇን ቀኝ ክንድ ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ለጋ ቅቤ ቀብታ፣ እያሸች ወደ ላይ ሳበችው። አልማዜ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ክንዷ በአናቷ ላይ ዞሮ ወደ ግራ ጆሮዋ ወረደ፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጠጉር ዘንድ ሲደርስ ግን ቆመ። ሰርኬ ጥቂት ጠበቀች። ጣቶቹ ወዴትም አልሄዱም።

«አንገትሽን ዘንበል አድርጊው» አለቻት።

አልማዜ አንገቷን ከነትከሻዋ ዘንበል አደረገች፤ ክንዷም አብሮ ዘንበል አለና ነገሩ እንደነበረው ሆነ። ቅቤ ጠጉር ያለሰልስ እንደሆነ እንጂ ክንድ አያስረዝምም። ይህን ሰርኬም አታጣውም፤ ግን ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም። ከሐምሌ ጀምራ በየጠዋቱ ስታሽ ከርማለች። ባሏ ዱባለ «ይኼን ቅቤ ምን በላው?» ሲላት፣ አይጥ ነው ብላዋለች።

ምዝገባው ዛሬ ነው። ከኮልፌ ገበያ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ዳር የተከፈተው አፀደ ሕፃናት ልጅ የሚቀበለው ሁለት ነገር አይቶ ነው፤ ቀኝ እጁ በአናቱ ዞሮ ግራ ጆሮውን መንካቱን፣ እና መስከረም ሲጠባ አምስት ዓመት የሞላው መሆኑን። በሁለተኛው ሰርኬ አትሰጋም። አልማዜ አምስት መስቀል አይታ ስድስተኛው ደጅ ላይ ነው። በዱባለ ቤተሰብ የልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው በመስቀል ነው። ዓመቱን ሙሉ በየንግዱ ተበትኖ የሚከርመው ዘመድ አገር ቤት የሚሰበሰበው ያኔ ስለሆነ፣ ልጁ ስንት መስቀል እንዳየ አያትም፣ አጎትም፣ ጎረቤትም ይመሰክራል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

እውነቱን ለመናገር ጆሮው ሰበብ ነው። ሰርኬን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነበር። በአንድ ግቢ የምትኖረው የዱባለ ታላቅ ወንድም ሚስት ካሳነሽ፣ ጌታሁን የሚባል ልጅ አላት። ጌታሁንና አልማዜ የአንድ መስቀል ልጆች ናቸው፤ አምስቱን መስቀል አብረው አይተዋል። ግን ጌታሁን ሲሮጥ አልማዜ ትድህ ነበር። እሱ ሲያወራ እሷ በጣቷ ትጠቁም ነበር። አሁን እሱ እስከ መቶ ሲቆጥር፣ እሷ አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ወደ ስምንት ትመለሳለች። ሰዎች ሊያጽናኗት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏታል። ሰርኬ ይህን ተረት ጠልታዋለች። የሰው እንቁላል ሁሉ በእግሩ ሲሄድ የእሷ ብቻ እንቁላል ሆኖ የቀረ ይመስላታል።

ካሳነሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ምላሷ ብቻ ከልቧ ይቀድማል። በቀደም አብረው ልብስ ሲያሰጡ፣ «ሰርኬ፣ ይህችን ልጅ ለምን ጸበል አታስጠምቂያትም?» አለቻት። ሰርኬ እርጥቡን አንሶላ ቅርጫት ውስጥ ጥላ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋች።

ያንን ያህል የከነከናት የራሷ ጥፋት ነው ብላ ስለምታምን ነው። የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ በተሰበሰቡበት ዓመት ማግሥት፣ ለመስቀል አገር ቤት ስትወርድ ሆዷ ገፍቶ ነበር። አማቷ «ዘንድሮ እዚያው ሁኚ» ብለው መልእክት ልከውባታል። እሷ ግን መስቀልን ከተማ መዋል አልሆንላት አለ፤ ዱባለም ወንድሙ ሚስቱን ይዞ ሲሄድ የእሱ ሚስት እንድትቀር አልወደደም። ሎንቺናው አውቶቡስ እስከ ወልቂጤ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ በገባና በወጣ ቁጥር ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ ተጓዘች። በደረሰች ማግሥት ምጥ ያዛት። ልጅቷ ስትወለድ ወዲያው አላለቀሰችም። አዋላጇ እግሯን ይዛ ዘቅዝቃ እስክትመታት ድረስ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ያንን ጸጥታ ሰርኬ እስከ ዛሬ ትሰማዋለች። ልጄን ያ መንገድ ጎድቷታል፣ መንገዱን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ የሚለውን ሐሳብ ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ለዱባለም ቢሆን።

አልማዜን አጥባ፣ ቅቤውን በሳሙና አስለቅቃ፣ ቀሚስ አለበሰቻት። ካሳነሽና ጌታሁን በር ላይ ይጠብቋቸው ነበር። የነሐሴ ካፊያ ላያቸው ላይ እየወረደ አራቱም ዳገቱን ወጡ።

የአፀደ ሕፃናቱ ኃላፊ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጠጉራቸው ሸበት ያለ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ካለች ጠባብ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ልጆቹን በየተራ ይጠራሉ። ጌታሁን ቀድሞ ገባ። ጆሮውን ከመንካትም አልፎ ቆነጠጠው። መቁጠር ጀምሮ ሰባ ምናምን ሲደርስ «ይበቃል የኔ ልጅ» ተባለ፤ እሱ ግን በር እስኪወጣ ድረስ አላቆመም። ካሳነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተከትላው ወጣች።

«አልማዜ ዱባለ።»

ሰርኬ ልጇን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። አልማዜ እንደለመደችው እጇን አነሳች፤ እንደለመደችውም ጣቶቿ ጠጉሯ ላይ ቆሙ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼው ነው። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጠጋ ብለው የልጅቷን ክንድ ያዙና አሸተቱት።

«ቅቤ ቀብተሻት ነበር?»

ሰርኬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ሴትየዋ ግን አልሳቁባትም። ከመሳቢያቸው አንድ ጣሳ ሙሉ ቆርኪ አውጥተው ምንጣፉ ላይ ዘረገፉትና ለአልማዜ «እስቲ የሚመሳሰሉትን ለዪልኝ፣ እናቴ» አሏት።

አልማዜ ቁጢጥ አለች። አንዱን ቆርኪ አንስታ አገላብጣ አየችው። ሌላውን አነሳች። ሰርኬ እያንዳንዱ ቆርኪ ሆዷ ላይ የሚቀመጥ መሰላት። ውጭ የሚጠብቁት ሰዎች ያስላሉ፣ ያጉረመርማሉ። «ፍጠኚ እንጂ» አለቻት በሹክሹክታ። አልማዜ አልሰማቻትም። ቀዩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ አስቀመጠች። ከዚያ ከየክምሩ የተጣመሙትን እየለቀመች አራተኛ ክምር ሠራች።

«እነዚህስ?» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

«አሟቸዋል» አለች አልማዜ።

ሰርኬ ሳታስበው ከአፏ ወጣ። «እትዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄ የጎደላት ነገር አለ?»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከምንጣፉ ቀና ብለው አዩዋት። «ምን ይጎድላታል? ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አምስት መስቀል አይታለች። ስድስተኛው መጣ። ቅድም ከገባው ከአጎቷ ልጅ ጋር የአንድ መስቀል ልጆች ናቸው።»

«የመጀመሪያውን መስቀል ስታይ ትድህ ነበር?»

«ምን ትድሃለች፣ እትዬ! በመስከረም ሚካኤል ተወልዳ፣ ሳምንት እንኳ አልሞላትም። እኔም አራስ ነበርኩ፤ ክትፎው እተኛሁበት ጓዳ ድረስ ነው የመጣልኝ።»

«የቅድሙ ልጅስ? እሱም እዚያ ነበር?»

ሰርኬ በዚያ ጭንቀቷ መሐል ሳቅ አመለጣት። «እሱማ ግድግዳ ይዞ ይሄድ ነበር። አያቱ የቅቤውን ቅል አስቀምጠው ዞር ሲሉ እጁን ከትቶ፣ ፊቱን ሁሉ ተለቅልቆ፣ እኔ ጓዳ ድረስ መጥቶ ልጅቷን ካልቀባሁ ብሎ…»

ዞር ብላ አልማዜን አየቻት።

«ታዲያ እኩያ የሆኑት እንዴት ነው?» አሏት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ቀስ ብለው።

ያ ልጅ ጓዳው በር ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ታያት። ፊቱ በቅቤ ወዝቶ ይስቃል። እሷ ደግሞ ገና ዓይኗን በወጉ ያልገለጠችውን ልጇን ጡቷ ላይ አድርጋ «ኧረ ያዙልኝ» እያለች ትጮሃለች። ጌታሁን ከዚያ በፊት የነበረው መስቀል ገና እንዳለፈ፣ በጥቅምት ነበር የተወለደው። የመጀመሪያው መስቀሉ ሲደርስ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ለእሷም ለእሱም ያው አንድ መስቀል ሆኖ ተቆጠረ። አያትም ቆጠሩ፣ አጎትም ቆጠረ፣ እሷ ራሷ ቆጠረች። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም በትክክል ቆጥሮ ነው የተሳሳተው።

ከዚያ በኋላ ሌላው በየተራው መጣላት። እሱ ሲሮጥ እሷ መዳሟ። እሱ ሲያወራ እሷ መጠቆሟ። መቶው፣ አሥራ ሁለቱ፣ ጆሮው። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ልዩነት እንደ በሽታ ስታስታምም ኖራለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ዕንባዋ ወረደ። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ ብዙ አለቀሰች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ አላባበሏትም። ቆርኪዎቹን ከአልማዜ ጋር ወደ ጣሳው ይመልሱ ነበር።

«አሁን ወደ ሥራችን» አሉ በመጨረሻ። «ደንቡ መስከረም አንድ ይላል፤ እሷ በሚካኤል ነው አምስት የሚሞላት። ለጥቂት ቀን ነው፣ ልቀበላት እችላለሁ፤ ጆሮውንም እተውላታለሁ። ከክፍሉ ሁሉ ታናሽ ትሆናለች እንጂ ትችለዋለች። አይ ካልሽም ዓመት ትቆይ። እናቷ አንቺ ነሽ።»

ቅድም ቢሆን ሰርኬ ይህን ሰምታ እግራቸው ላይ በወደቀች ነበር። አሁን ግን ሳትቸኩል አሰበችው። አልማዜ ዘንድሮ ብትገባ ከጌታሁን ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ልትቀመጥ ነው። ግቢ ውስጥ ያለው ማነጻጸር ክፍል ድረስ ይከተላታል፤ ያኔ ደግሞ አስተማሪና ሃያ ልጅ ይጨመርበታል። ብትቀር ሰፈሩ «ተመለሰች» ማለቱ አይቀርም። ይበል። የሰው አፍ ክረምት አይደለም፣ ቤት አያፈርስም።

«ዓመት ትቆይ» አለች። ድምፅዋ ቁርጥ ያለ ነበር። «ዓመቷ እኮ ነው፣ እትዬ። ስንቀማት ኖርን።»

ካሳነሽ በር ላይ ጌታሁንን በእጇ ይዛ ትጠብቃቸው ነበር። የሰርኬን ዓይን ስታይ ፊቷ ክስም አለ።

«ወደቀች?»

«አልወደቀችም፣ እትዬ ካሳነሽ። ገና ናት» አለቻትና የጓዳውን፣ የቅቤውን፣ የጥቅምቱን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻት። ካሳነሽ መጀመሪያ ሳቀች፤ ያን ቀን ልጇን ያጠበችው እሷ ናት፣ እንዴት ትርሳው። ቀጥሎ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ በጣቶቿ ስትቆጥር ቆየች፤ ከዚያ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እና የኔው ልጅ» አለች፣ «እንዲያው እንደማንም ልጅ ነው ማለት ነው?»

«ደህና ልጅ ነው» አለቻት ሰርኬ።

«ጸበል ያልኩሽን ተይው» አለች ካሳነሽ፤ ከዚህ በላይ ይቅርታ አታውቅበትም። ጌታሁንን እየጎተተች ቁልቁለቱን ቀድማ ወረደች።

ሰርኬ በቀጥታ ወደ ገበያው ሄደች። ዱባለ ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ከዘይት ጣሳ ኩራዝና መጥለቂያ ይቀጠቅጣል። ከነልጇ ስትመጣ ሲያያት መዶሻውን አስቀመጠ። ቆማ ነገረችው። እሱ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ሰማት፤ ስትጨርስም አላነሳውም።

«ታዲያ» አለ፣ «ያ መኪና አይደለማ?»

ሰርኬ አሁን ገባት። አምስት ዓመት ሙሉ ለብቻዋ የተሸከመችውን ሸክም ይኼ ሰው በሌላው ጫፍ ይዞት ኖሯል።

«ነይ ብዬ መኪናው ላይ ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ» አለ ዱባለ። «እናቴ ትቅር ብላ ነበር። አንቺን ባየሁ ቁጥር…» ጥቀርሻ በያዘው መዳፉ ፊቱን ጠረገ፤ ጉንጩ ጠቆረ።

«መኪናው አይደለም» አለችው። «ልጅቷ ደህና ናት፣ ዱባለ። ድሮም ደህና ነበረች።»

ጎን ለጎን የሚቀጠቅጡት ቆርቆሮ ሠሪዎች ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ዱባለ መዶሻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው፤ እንደገና አነሳው። አልማዜን ግንባሯን ሳማትና እሷንም ጥቀርሻ አስነካት። «ሂዱ፣ ምሳ ብሉ» አለ።

ወደ ቤት ሲያዘግሙ ካፊያው አባርቶ ነበር። በመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ከላይ ከዳገቱ የመጣ ድፍርስ ውሃ ይወርዳል። አልማዜ የእናቷን እጅ ለቀቀችና ቦዩ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብላ በጭቃ ልትገድበው ጀመረች። ውሃው አፈረሰባት። ሌላ ጭቃ አመጣች፤ ይህኛውን ከማስቀመጧ በፊት ጠጠር አስገባችበት። እሱንም ከጎኑ ሸረሸረባት። ተነስታ ጥቂት አየችውና ከላይ በኩል ዞረች።

ሌላ ቀን ቢሆን ሰርኬ ክንዷን ይዛ ታስነሳት ነበር። ጌታሁን ይኼኔ ቤት ደርሷል ትላት ነበር። ዛሬ ነጠላዋን ሰበሰበችና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

አልማዜ ያልተለመደው ጸጥታ ግራ አጋብቷት ቀና አለች። እጆቿ እስከ ክርኗ ጭቃ ናቸው።

«እንሂድ እንዴ፣ እማዬ?»

ሰርኬ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየችው።

«ጨርሺ» አለቻት።