ከመስመሩ በታች

ወለተሐና ሰው መርገም አታውቅም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የቄስ ሚስት ሆና ስለኖረች አፏ ለእርግማን አልተፈታም። ቂም መያዝን ግን ማንም ሳያስተምራት ተክናበታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰይፈሥላሴን መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ ጋሽ ሰይፈሥላሴ» ትለዋለች። እሱም «ምን የመሰለች ጨዋ!» እያለ ያልፋል። ከዚያ ጎንበስ ማለት በታች ምን እንደሚንተከተክ ቢያውቅ ኖሮ መንገድ ይቀይር ነበር።

ሰይፈሥላሴ ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው በዚያች ቀበሌ የእድሩ ሊቀመንበር ነው፤ የእርዳታ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው። ከከተማ እንግዳ ሲመጣ ተቀብሎ የሚያሳድረው፣ መዝጋቢ ሲመጣም ከቤት ቤት የሚያዞረው እሱ ነው። ማን ምን እንዳለውና ምን እንደጎደለው ከሱ የተሰወረ የለም። ወለተሐናን የሚያንገበግባትም ይኸው ነው፤ እያወቀ ዝም ማለቱ።

ነገሩ የሆነው በባሏ በቄስ ገብረ ጻድቅ ተዝካር ላይ ነው። የቄስ ተዝካር እንደማንም ተዝካር አይደለም። ከሦስት ደብር ካህናት ይመጣሉ፣ የንስሐ ልጆች ይመጣሉ፣ መንገደኛም ጎራ ይላል። ወለተሐና ከሁለቱ በሬዎች አንዱን አረደች። ለእህሉና ለጠላው ደግሞ የታችኛውን ማሳ ለሁለት ዓመት በኮንትራት ሰጠች፤ በውሉ ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመው ሰይፈሥላሴ ነው። ዳሱ በሰው በተጨናነቀበት ሰዓት ይኸው ሰይፈሥላሴ አንድ የእርዳታ ድርጅት መዝጋቢ አስከትሎ ገባ። መዝጋቢው ተቀመጠ፣ በላ፣ ጠጣ፤ ከዚያ ታብሌቱን ከፍቶ «ላለፉት ሰባት ቀናት በዚህ ቤት ምን ተበላ?» ብሎ ጀመረ። የሟቹ ተዝካር የሳምንት ቀለቧ ሆኖ ተመዘገበ። ከሁለት ወር በኋላ የተረጂዎቹ ዝርዝር ሲመጣ ስሟ የለም፤ «ከድህነት መስመሩ በላይ ናት» ተባለ። እንግዲህ ከመስመሩ በላይ ያለችው ወለተሐና አንድ በሬ፣ ለሰው የተከራየ ማሳና የሚያፈስ ጣራ ነበራት።

በዚያው ክረምት ገብሱን በረዶ መታው። በዓመቱ ልጇ ሰርካለም፣ ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ የወጣችው ልጅ፣ ትምህርቷን ትታ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ገባች። ለፋሲካ ስትመጣ እጆቿ በበረኪና ተላልጠው ነበር። ደብተሮቿ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ፌስታል ውስጥ ነበሩ፤ ቀና ብላም አላየቻቸው። እናትየው ያን ቀን ጓሮ ወጥታ አለቀሰች፤ ስትመለስ ዓይኗ ደርቆ ነበር። «አንድ ቀን ታገኘዋለህ» አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳትናገር።

ዘንድሮ ድርጅቱ እንደገና ሊመዘግብ መጣ። የአሁኑ መዝጋቢ ቴዎፍሎስ የሚባል ከደብረ ብርሃን የመጣ ወጣት ነው። ሐሙስ ጠዋት ከመንገዱ ዳር ካለው ከወለተሐና ቤት ጀመረ። ጣራውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ በረቱን አየ። በሬው ካቻምና ተሽጧል፤ በረቱ ውስጥ ከጭድ በቀር ምንም አልነበረም። ሰባቱን ቀን ሲጠይቃት የበላችውን ለመናገር ብዙ አልፈጀባትም፤ ቆሎ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ የገብስ ቂጣ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ድሃ የሚባለው ምን ያህል የሌለው ነው?» ስትል ጠየቀችው።

ቴዎፍሎስ ጥያቄው ደስ አለው። «ለመላው ዓለም የተበጀ መስመር አለ፣ እትዬ። የአንድ ሰው የቀን ፍጆታ ከሦስት ዶላር በታች ከሆነ እጅግ ድሃ ይባላል። ባንክ የሚመነዘረው ዶላር ግን አይደለም። አሜሪካ አገር በሦስት ዶላር የሚገዛውን ያህል ነገር እዚህ ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር ነው።»

«እኔ ብር ሳልነካ የምውለው ቀን ይበዛል።»

«ከራስዎ ማሳ ያገኙት ገብስም በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይደመራል። የበሉት ሁሉ ይቆጠራል።»

«ያልበላሁትስ?»

ወጣቱ ጣቱን ከታብሌቱ ላይ አነሳ። ከዚያ፣ የዓለሙ መስመር የአንድ አገር ሕዝብ ስንቱ ድሃ እንደሆነ ለማወቅ እንጂ የአንድን ቤት ደጅ አንኳኩቶ ለመለካት እንደማይመች ነገራት። ለዚህ ሥራ ድርጅቱ የራሱ ነጥብ አለው፤ ከብት፣ ጣራ፣ የሰባት ቀን ምግብ፣ ቀለብ የሚያልቅበት ወር። ነጥቡን ደምሮ «እርስዎ ከመስመሩ በታች ነዎት» አላት። ለሦስት ዓመት በየወሩ ስንዴና ዘይት፣ ከዚያም ላይ ትንሽ ብር። ስሟ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ይነበባል። ሕዝቡ ካልተቃወመ ያልቃል። «ከብት ደብቆ የተገኘ ግን ይሰረዛል። ደብቆ የያዘለትም አብሮ ይሰረዛል» ብሎ አስጠንቅቋት ወጣ።

ወለተሐና የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰርካለም ትመለሳለች። በመስከረም ትመዘገባለች፣ ደብተሮቹም ከግድግዳው ይወርዳሉ።

በዚያ አገር የምዝገባ ወሬ ሲሰማ ከሰው ይልቅ ከብት ይሰደዳል። በሬ ወደ አማት፣ ላም ወደ አበልጅ፣ በቅሎ ወደ ዘመድ ይሻገራል፤ መዝጋቢው ሲያልፍ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። የሰይፈሥላሴ በሬዎች ገና ማክሰኞ ደነባ፣ አማቹ ቤት ገብተዋል። በጎቹ ግን እስከዚያ ድረስ የሚነዱ አልነበሩም። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መዝጋቢው ወደ ላይኛው ሰፈር ሲወጣ ጠብቆ፣ አሥራ አንድ በግ እየነዳ ወለተሐና ደጅ ደረሰ። ቀንደ ጠማማው ጥቁር አውራ በግ ከፊት ነበር። ያንን አውራ የማያውቀው የቀበሌው ሰው የለም፤ ያልወጋው ሕፃንም ጥቂት ነው።

«አንቺ ተመዝግበሽ አልቀሻል፤ ተመልሶ አይመጣብሽም» አላት። «እስከ እሑድ እዚህ ይሰንብቱልኝ። ስምሽ እንዲገባ የተናገርኩልሽ እኔ መሆኔንም አትርሺ።»

«ቤትዎ ነው፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። ያስገቧቸው» አለች፣ እንደወትሮዋ ጎንበስ ብላ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ አደረች። ዝም ብትል ስንዴው የሷ ነው፣ ልጇም ትመለሳለች። ብትናገርበት እሷም እሱም ይሰረዛሉ፤ እሱ በሬና በግ አለው፣ የሷ ቤት ግን እንደገና ባዶ ይሆናል። ብልህ ሰው ዝም ይላል። እሷም ዓርብ ሙሉ ዝም ለማለት ቆርጣ ዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ለበጎቹ ድርቆሽ ስትሰጥ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት። እስከዚያ ለምን እንዳላሰበችው ገረማት። የሚያስፈልጋት መናገር አልነበረም፤ እሱ እስኪናገር መጠበቅ ብቻ ነበር።

እሑድ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ቴዎፍሎስ በፊደል ተራ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ተነስቶ ያለውን ሀብት በራሱ አፍ ይናገራል፤ ተቃዋሚ ከሌለ ይፈርማል። የሰይፈሥላሴ ስም ሲነበብ ጉርምርምታ ተሰማ። ማን ግን ደፍሮ! ነገ እድሩን የሚፈልግ ሰው ዛሬ አፉን አይከፍትም።

ሰይፈሥላሴ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ተነሳ። «ምን አለኝ ብላችሁ ነው! አንድ ያረጀ በሬ አለኝ፤ ሌላ የለኝም» አለ።

«በግስ?» አለ ቴዎፍሎስ።

«አንድም በግ የለኝም። ይኸው በደብሩ ፊት!»

ፈረመ። ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠ። ወለተሐና ፊርማው እስኪደርቅ የጠበቀች ይመስል አየችው። ብዙም ሳይቆይ የሷ ስም ተጠራ።

«የኔ ስም ይሰረዝልኝ» አለች።

ቴዎፍሎስ ቀና ብሎ «ምን አሉ እትዬ?» አላት።

«አሥራ አንድ በግ አለኝ። በረቴ ውስጥ ናቸው፤ ሂድና እይ። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የገቡት።»

«ከየት መጡ?»

«የመድኃኔዓለም ስጦታ ናቸው» አለች። «ሲገቡ ጋሽ ሰይፈሥላሴ አይተዋል፤ ይመስክሩልኝ። አንደኛው ቀንደ ጠማማ ጥቁር አውራ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ነበሩ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው። ከዚያ ወንዶቹ ተከተሉ። ቴዎፍሎስ ዞሮ «አቶ ሰይፈሥላሴ፣ በጎቹ የርስዎ ናቸው እንዴ?» ሲለው ሳቁ ቆመ። የሰይፈሥላሴ ግንባር ላብ አወጣ። የኔ ናቸው ቢል አሁን የፈረመው ፊርማ ፊቱ ላይ አለ፤ ስንዴው ይቀራል፣ ሰብሳቢነቱ ይቀራል፣ የደነባዎቹ በሬዎችም መጠየቃቸው አይቀርም። መቶ ሰው አፉን አፉን ያየዋል። ወለተሐና ከዚያ አፍ የሚወጣውን ቃል ሦስት ዓመት የጠበቀችው መሰላት።

«የሷ ናቸው» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

«አልሰማሁም» አለች ወለተሐና።

«የሷ ናቸው! እኔ በግ የለኝም አልኩ እኮ!»

አንጀቷ ራሰ። ቴዎፍሎስ ቀረብ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአሥራ አንድ በግ መስመሩን እንደምታልፍ፣ የሦስት ዓመቱም ስንዴ እንደሚቀርባት ሲነግራት «ጻፈው» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ሀብታም ተብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሰይፈሥላሴ ደጇ ላይ ቆመ። «በይ ቀልዱ ይብቃ። በጎቼን አውጪ።»

«የማንን በጎች?»

«ወለተሐና! እሺ፣ አምስቱን ውሰጂ። ስድስቱን ስጪኝ።»

«ሕዝብ የመሰከረልኝን በግ ለምን እሰጥዎታለሁ?»

ዱላውን መሬት ላይ መታ። «ምን በድዬሽ ነው? ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ በሕዝብ ፊት የገፈፍሽኝ?»

ያኔ ነገረችው። ተዝካሩን፣ መዝጋቢውን፣ ምስክር ሆኖ የፈረመበትን ማሳ፣ የሰርካለምን እጅ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አንድም አላስቀረችም። «አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እያወቁ ዝም አሉ» አለችው።

ሰይፈሥላሴ ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣው የበረደ መሰለ።

«መዝጋቢው የጠየቀው እኮ እኔን አይደለም» አላት። «‹ይህ ሁሉ ከራስዎ ነው ወይስ ተበድረው ነው?› ብሎ አንቺን ጠየቀሽ። ‹የቄስ ገብረ ጻድቅ ቤት መች ጎድሎበት ያውቃል! በየሳምንቱ እንዲሁ ነን› አልሽው። ካህናቱ ሁሉ ሰምተዋል። እኔ ተነስቼ ‹ውሸቷን ነው፣ ማሳዋን አከራይታ ነው የደገሰችው› ልበል? በባልሽ ተዝካር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላዋርድሽ?»

ወለተሐና የበረቱን ምሰሶ ያዘች። ተናግራዋለች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ካህናቱን እያየች፣ ሐዘኑና ኩራቱ ተደባልቀውባት ቃሉን ተናግራዋለች። ሦስት ዓመት ያን ቀን በሐሳቧ ስታመላልስ ዳሱን አይታለች፣ መዝጋቢውን አይታለች፣ ሰይፈሥላሴን አይታለች፤ የራሷን ድምፅ ግን አንድም ቀን አልሰማችውም።

ሰይፈሥላሴ መላላቷን አየ። ተነስቶ «በይ እንግዲህ» ብሎ እጁን ወደ በረቱ መዝጊያ ሰደደ።

«እጅህን አንሳ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። በሕይወቷ «አንተ» ብላው አታውቅም።

«እኔ ራሴ ተናገርኩ፤ ሦስት ዓመት ከነልጄ ከፈልኩበት። አንተም ዛሬ ራስህ ተናገርክ። ሂድና ስንዴህን ብላ።»

ሄደ። እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኗ ሸኘችው፤ አላዘነችለትም፣ ዛሬም አታዝንለትም። በሚቀጥለው ገበያ ሦስት በግ ሸጣ፣ ደብረ ብርሃን ሄዳ ሰርካለምን ከሰው ቤት አወጣቻት። ልጅቷ በመንገድ ላይ የእናቷን ክንድ ይዛ «ያን ሰውዬ እንዴት እንዳደረግሽው እስቲ ንገሪኝ፣ ከመጀመሪያው» እያለች ሳቀች። ወለተሐናም ስለ እሑዱ ስብሰባ፣ ስለ ላቡ፣ ስለ ሴቶቹ ሳቅ ሁሉንም ነገረቻት። በተዝካሩ ቀን ለመዝጋቢው ማን ምን እንዳለው ግን እስከዛሬ አልነገረቻትም።