ያለ ሰው ድጋፍ

ጡረተኛው ሹፌር መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ቆሙ፤ ተነፈሱ፤ ሌላ ጨመሩ። ከአልጋቸው እስከ ደጃፉ ያለው መንገድ ለጤነኛ ሰው ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ለእሳቸው ግን ያን ዕለት የሁለት ቀን መንገድ ሆኖባቸዋል። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ወርዶ የሹራባቸውን አንገት አርሶታል። አስታማሚዋ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ደጃፉ ላይ ትጠብቃቸዋለች። ከንፈሯ ሳይታወቃት አብሯቸው ይቆጥራል።

«ደረስኩ?» አሉ፣ የበሩን መቃን ጨምድደው።

«ደርሰዋል፣ አባባ።»

«ወረቀትሽ ‹ያለ ሰው ድጋፍ› ነው አይደል የሚለው? እንግዲህ ግድግዳ ሰው ከሆነ ንገሪኝ።»

ሳቀች። መሳቅ አልነበረባትም፤ ግን እኚህን ሰው እየሰሙ ፊትን መቋጠር የሚችል የለም። ወንበር አቀረበችላቸው። የአሻራ ቀለሙን ክብ ቆርቆሮ ከፍታ አውራ ጣታቸውን ያዘች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና መሪ የጨበጠ ጣት ነው፤ እንደ ቀንድ ደርቋል።

«‹ተመራቂ› ነው አሉ ስማችን?»

«እንደሱ ነው የሚሉት።»

«እናቴ ይህን ሳታይ ሞተች። ጋዋኑስ የታል?» ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ። ቀና ሳይሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገ ትመጫለሽ?» አሉ።

አስታማሚዋ ጣታቸውን በጨርቅ ስትጠርግ ቆየች። ቀለሙ ከቆዳው ስንጥቅ አልወጣ ብሎ አስቸገራት።

«ገባኝ» አሉ ሹፌሩ። «መንጃ ፈቃድ የወጣለት ሰው አጠገቡ አስተማሪ አይቀመጥም። ሂጂ ልጄ። በሩን ገርበብ አድርጊው ብቻ፤ የሰው ድምፅ ይግባ።»

ያ አሥራ ዘጠነኛው አሻራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ በሁለት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ያቋቋሙት የቤት ለቤት ማስታመሚያ ድርጅት አለ። አምስት አስታማሚዎች አርባ አንድ አቅመ ደካማ እየዞሩ ያጥባሉ፣ ያገላብጣሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ጥፍር ይቆርጣሉ፤ አንዳንዴም አጠገባቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እሱም ሥራ ነው። ድርጅቱን የሚደጉመው የከተማው ነጋዴዎች የመሠረቱት የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ማኅበሩ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ ካስቀመጠው ሣጥንና ከአንድ መጋዘን ኪራይ የሚያገኘውን ለትናንሽ ድርጅቶች ያካፍላል፤ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለሚያስተምረው፣ ተደብድበው ከቤታቸው የወጡ ሴቶችን ለሚያስጠጋው፣ ለአስታማሚዎቹም። ዓመታት በሰላም አለፉ። ዘንድሮ ግን ገበያው ቀዘቀዘ፤ ሣጥኖቹ ቀልለው ተመለሱ፤ ሰጪዎቹም «የሰጠነው የት ገባ?» ማለት ጀመሩ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ደንብ አወጣ። ዓመቱ ሳያልቅ ከተረጂዎቹ ግማሽ ያህሉን ራሱን አስችሎ «ያላስመረቀ» ድርጅት ድጎማው ይቋረጥበታል።

«ልጄ፣ እኛ የምናስታምመው እኮ የሰማንያ ዓመት ሰው ነው» ብለውት ነበር አዋላጇ፣ ለማኅበሩ ተቆጣጣሪ። «እሱ ራሱን ቻለ የሚባለው ሲቀበር ነው።»

ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አልነበረም። የኮቱ ክርን የተጣፈ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ የሚናገር ሰው ነው። «እትዬ፣ ሰጪዎቹ በሽተኛ ሲድን ማየት ይወዳሉ» አለ። «በሽተኛ እንደታመመ ሲኖር ማየት የሚወድ የለም። ሃያ ሰው ይስጡኝና ሃያ አንዱን አስተርፍልዎታለሁ። ሃያ ካልሞላ ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ ማለት ነው፤ አርባ አንዱም ይቀራል።»

አዋላጇ ሁለት ቀን ሙሉ በር ዘግተው ስም ሲመርጡ ዋሉ። መጀመሪያ ትንሽ መቆም የሚችሉትን ጻፉ። እነሱ ሲያልቁ ቤት ውስጥ ሰው ያላቸውን ጻፉ። ከአምስቱ አስታማሚዎች አሻራ እንድታሰባስብ እሷን የላኳት ሽማግሌዎቹ ፊት ስለማይነሷት ነው። ዝርዝሩን ሲሰጧት ዓይኗን አላዩም። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ብቻ አሏት።

ከአሻራው ሥር ለአስታማሚዋ የተተወ አንድ መስመር ነበር፦ «ከላይ የተጻፈውን በዓይኔ አይቻለሁ።» እዚያ ላይ ትፈርማለች። የመጀመሪያዎቹ ሰባት እውነትም ሄዱ፤ አንዷማ ደጃፍ አልፋ ግቢውን ዞራ እየሳቀች ተመለሰች። ስምንተኛው ላይ ከዘራ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ላይ የልጅ ልጅ ትከሻ ነበር፤ ለአፍታ ብቻ። ዓይን እንደ ጫማ ነው መሰለኝ፤ ጠዋት የጠበበው ሲውል ይሰፋል። አሁን ሃያኛው ቀርቷል። ሃያኛውን ለመጨረሻ ያቆየችው ሆን ብላ ነው።

መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«አለቀ?» አሉ አዋላጇ።

«አንድ ይቀራል።»

«ተቆጣጣሪው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረቀቶቹን ሊወስድ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው አይቀበልም።»

«እትዬ፣ ልብስ ሰፊዋን በሌላ ይቀይሩልኝ። እሳቸው እኮ ሦስት ዓመት እግራቸው መሬት አልነካም።»

«በማን ልቀይር? ዓይነ ስውሮቹን ባልና ሚስት ላውጣ? ወይስ ያን ማንም የሌለውን አናጢ? ስም ጥሪልኝና ልጻፍ። አንቺ ጥሪ።»

አስታማሚዋ መንገዱ ዳር ቆመች። ፊት ለፊቷ በር የሚበይዱ ሰዎች ሰማያዊ እሳት ይረጫሉ። ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ስም ሁሉ ፊት ነበረው። ስልኩን ዘጋችው።

ልብስ ሰፊዋ የሚኖሩት ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ነው። መስኮቷ ጠባብ ናት፤ የሚታየውም የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። የስፌት መኪናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆሟል። ከሦስት ዓመት በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ የተነሱት በሰው ክንድ ታቅፈው ብቻ ነው። የእህታቸው ልጅ አብራቸው ትኖራለች፤ ደግ ልጅ ናት፤ ግን ሳሙና ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። ዝርዝሩ ላይ «ቤት ውስጥ ሰው ያላቸው» የተባለው ይኸው ነው።

«መጣሽ?» አሉ በሩ ሳይከፈት። «ዛሬ አረማመድሽ ሊሰርቅ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው።»

«እንዴት ዋሉ፣ እማማ?»

«በጀርባዬ። በምን ልዋል?»

ውኃ አሞቀች። አጠበቻቸው። በጎን ስታዞራቸው ከወገባቸው በታች ያለው ጠባሳ ታያት፤ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አዲስ ቆዳ። መጀመሪያ የመጣች ቀን ያ ቦታ አጥንት ያሳይ ነበር። ሽታው ልብሷ ላይ ሦስት ቀን አልለቀቀም። እሱን ለመዝጋት አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ እየመጣች አገላብጣለች፣ አጥባለች፣ ቀብታለች። ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ጎን የተኛ ሰው ያ ቆዳ ስንት ቀን ይቆይለታል? ሳምንት። ቢበዛ አሥር ቀን። ይህን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«ዝም አልሽ» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ባል አገኘሽ እንዴ?»

«ባል ባገኝ ለእርስዎ ነበር የማመጣው።»

«አምጪዋ! ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ሆና የምትጠብቀው ከየት ያገኛል?»

ሁለቱም ሳቁ። የአስታማሚዋ ሳቅ ግን መሀል መንገድ ላይ ተሰበረ። ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠችና ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«የድርጅቱ ቅጽ ነው። እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን ነው የሚያሳርፉት።»

«አንብቢልኝ።»

ስማቸውን አነበበች። ዕድሜያቸውን። አገልግሎቱ የተጀመረበትን ቀን። ከዚያ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተች።

«ሦስት መስመር ነው ያነበብሽው» አሉ። «ከዚህ ሆኜ አራት ይታየኛል። ፊደል ባልለይም ዕድሜ ልኬን በመርፌ ቀዳዳ ክር ያሾለከ ዓይን ነው።»

አስታማሚዋ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላ አራተኛውን አነበበችው። «ተረጂዋ ራሳቸውን ችለዋል። ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋቸው ወርደው እስከ ደጃፍ ይሄዳሉ።»

በመስኮቱ አንድ የሚቸኩል ጫማ አለፈ። ሌላም ተከተለው።

«እኔ ነኝ ይህቺ የምትሄደው?» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

ያኔ ሁሉንም ነገረቻቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ስለ ሣጥኖቹ፣ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ሃያውና ሃያ አንዱ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ነበር የሚመስለው።

«ስንት ጎደላችሁ?»

«አንድ።»

«ያቺ አንድ እኔ ነኛ።»

«እኔ ከሥራ በኋላ በግሌ እየመጣሁ አገላብጥዎታለሁ። ማታ ማታ—»

«የአንቺን ልጆችስ ማን ሊያገላብጥ?» ቁጣ አልነበረባቸውም። «ሞኝ አትሁኚ። የመጀመሪያውን ሳምንት ትመጫለሽ። ሁለተኛውን እየተቻኮልሽ ትመጫለሽ። ሦስተኛው ላይ መንገድ ላይ የእህቴን ልጅ ስታዪ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። እሱን አልፈልግም። ከቁስሉ እሱ ይብሰኛል።»

አስታማሚዋ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረች። «ይቅር። አይጫኑ። ሄጄ ሃያ አልሞላም እላቸዋለሁ።»

«እነዚያ የምታወሪልኝ ዓይነ ስውሮችስ?»

የወረቀቱን እጥፋት በጥፍሯ ጫነችው።

«አናጢውስ? ጉሮሮው አልከፈት ብሎ ሾርባ በጠብታ የምታጠጪው?»

እጇ ላይ ያለው ወረቀት ግማሹ ታጥፎ ግማሹ ቀርቷል።

ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ ወዳለው መኪናቸው ተመለከቱ። «እኔ ጠርዙ ሳይታጠፍ ‹ልብሱ አልቋል› ብዬ ሰጥቼ አላውቅም» አሉ። «የሙሽራ እናት ደጄ ላይ ቆማ ስትጮህብኝ እንኳ። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ ጣቴን አልጭንም።»

አስታማሚዋ ትከሻዋ ሲላላ ተሰማት። እንቢ አሉ፤ በቃ። የምትወስነውን ሌላ ሰው ወሰነላት። በዚህ ደስ በመሰኘቷ ወዲያው አፈረች፤ ግን ደስታው ቀድሞ ገብቶ ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ስምንት ሰዓት ከሩብ።»

«እሺ። ጊዜ አለ።» ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ገፈፉት።

«እማማ! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ወረቀቱ የሚለውን።»

ሁለቱ እግሮች ወጡ። ገርጥተዋል፣ ባታቸው የእጅ አንጓ ያህል ቀጥኗል። ልብስ ሰፊዋ የቀኙን ከጉልበቱ በታች ይዘው፣ እንደ ከባድ ጥቅል ጨርቅ፣ ከአልጋው ጠርዝ አወረዱት። ከዚያ ግራውን። ዳሌያቸው ሲንቀሳቀስ ከጉሮሯቸው የወጣውን ድምፅ ጥርሳቸውን ነክሰው መልሰው ዋጡት። አስታማሚዋ ዘላ ብብታቸውን ያዘች።

«ልቀቂኝ! ከነካሽኝ ተበላሸ።»

«ይወድቃሉ እኮ! ያ አጥንት እንደገና ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? እኔ ነኝ የምጠየቀው!»

«አንቺ የሚጠበቅብሽ ማየት ነው። ‹በዓይኔ አይቻለሁ› አይደል የምትፈርሚው? እስኪ ዛሬ እዪ።»

ለቀቀቻቸው። ለምን እንደለቀቀቻቸው ኋላም ብትጠየቅ የምትመልሰው አይኖራትም። ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ወረቀቱ ከእጇ ወድቆ በመታጠቢያው ውኃ የረጠበው ወለል ላይ ተለጠፈ፤ ጥጉ እርጥበት እየመጠጠ ጠቆረ። እሷ አላየችውም። የምታየው የአሮጊቷን የእግር ጣቶች ነው። ቀዝቃዛውን ሲሚንቶ ሲነኩ ተሰበሰቡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተዘረጉ፤ የረሱትን ስም ለማስታወስ የሚሞክሩ ይመስል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ብረቱ ጮኸ። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ አገጫቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወገባቸው ከፍራሹ ጣት ያህል ተነሳ፤ ሁለት ጣት ያህል። ፊታቸው አመድ መሰለ። ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ቆመ። መሀል ላይ፣ ተቀምጠውም ቆመውም ሳይሆኑ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ፊት ለፊት አዩ።

«ዘወር በይ፣ የኔ ልጅ» አሉ፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ። «በሩን ከለልሽኝ።»

አስታማሚዋ አንድ እግሯን አነሳች፤ ወደ ጎን ይሁን ወደ እሳቸው፣ ወዴት እንደምታሳርፈው ግን ገና አላወቀችም።