ማሚቶ መሪ ያዘ

ማሚቶ ሲባል ሴት መስሏችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። ሰውዬው ግን በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ቤዝ ጊታሩን ሲያንጠለጥል የልጅ መጫወቻ የሚያስመስለው ግዙፍ ነው። ስሙን ያወጣለት ጎፈሬ ነው፣ የሮክ ባንዱ መሪ ድምጻዊ። ጎፈሬ ከፊት ቆሞ ጸጉሩን እየነሰነሰ «ልቤ ተቃጠለ!» ሲል ማሚቶ ከኋላ «ቃጠለ!» ይላል። ጎፈሬ «አልመለስም!» ሲል ማሚቶ «መለስም!» ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው ይኸው ነበር። መጀመሪያ «የገደል ማሚቶ» ነበር የሚሉት። ኋላ ሲያሳጥሩት ገደሉ ቀረና ማሚቶ ብቻ ሆነ።

ነገሩ መድረክ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት! ሰውዬው ቤቱም ውስጥ ያው ነው። ሚስቱ መኪና መንዳት ታስተምራለች፤ ቀኑን ሙሉ «ያዝ፣ ልቀቅ፣ ዞር በል» ስትል የምትውል ሴት። ማታ ቤት ስትገባም ማርሹን አትቀይርም።

«እራት ይቅረብ?»

«ይቅረብ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም መብራቱን አላጠፋህም?»

«ላጠፋህም።»

የጋብቻውንም ጥያቄ ያቀረበችው እሷ ናት። «እንጋባ?» አለችው። «ጋባ» አላት። ተጋቡ፤ ምን ይደረግ!

ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። «እወድሃለሁ» ስትለው «ሃለሁ» ይላታል። ልብ በሉ፣ ለሴት የሚባለው «ሻለሁ» ነው። ማሚቶ ግን ጾታ አይለይም፤ ገደል ሰዋስው የት ይማራል? በጫጉላው ሰሞን በሳቅ ትፈርስ ነበር። እየቆየ ሳቋ ቀነሰ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሃለሁ» የተባለች ሴት ምን ያህል ትስቃለች? አንድ ቀን ለእናቷ «ምናለ አንዴ እንኳ ከራሱ አንስቶ ቢለኝ» ብላ አለቀሰች። እናትየዋም «ዝም አይነቅዝም ልጄ። ምላሰኛ ያገቡትንም አይተናል» አሏት። መጽናኛ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ከባንዱ የወጣው በሬዲዮ ምክንያት ነው። ጋዜጠኛዋ ባንዱን ሰብስባ ስትጠይቅ ድንገት ወደ ማሚቶ ዞረችና «አንተስ፣ የራስህ ሥራ የለህም?» አለችው። ጎፈሬ ቀድሞ «እሱን ተይው፤ ከእኔ አፍ የተረፈውን ነው የሚለቅመው» ብሎ መለሰላት። ማሚቶ ታዲያ በቀጥታ ስርጭት፣ አገር እየሰማ፣ «ለቅመው» አለ። ልማድ ክፉ ነው። ጋዜጠኛዋ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። ማሚቶ ሲወጣ ጊታሩን በጀርባው አዘለ፤ ባንዱን የምታመላልሰው መኪና ውስጥ ሳይገባ በእግሩ ወደ ቤቱ ነካው። ጆሮው እንደ ምድጃ ይግል ነበር።

ሚስቱ በሬዲዮ ሰምታ ኖሮ በር ላይ ጠበቀችው።

«ከባንዱ ወጣህ?»

«ወጣህ።»

«ጎሽ! የራስህን አልበም ልትሠራ ነው?»

«ልትሠራ ነው።»

የብቻ አልበሙም እንዲህ ታወጀ። እሷው ጠየቀች፣ እሷው ወሰነች፣ እሷው ለጎረቤት አወራች።

እውነቱን ለመናገር፣ ዘፈኖቹ የራሱ ነበሩ። ለዓመታት በየሆቴሉ አልጋ ላይ ተጋድሞ የደረሳቸው፣ ለማንም ያላሳያቸው፣ ደህና ደህና ዘፈኖች። ጣጣው የመጣው ስቱዲዮ ሲገባ ነው። የስቱዲዮው ባለሙያ ዝንብ ስታስነጥስ ይሰማል ተብሎ ጆሮ የሚሉት ወዳጁ ነው። ጆሮ ማሽኑን አስነሳ፣ ከበሮው ተመታ፣ ጊታሩ ገባ፣ ማሚቶ አፉን ወደ ማይኩ አስጠጋ። ከዚያ ጸጥ። ስንኙ የሚዘፈንበት ጊዜ አልፎ ሊያበቃ ሲል «…ሄደ!»

«የፊተኛው የት ሄደ?» አለ ጆሮ ግራ ገብቶት።

«ሄደ» አለ ማሚቶ።

ደገሙት፣ ሰለሱት። አልበሙ በሙሉ የስንኝ ጭራ ሆነ፤ «ሄደ… ቀረ… ልቤ… ደጅሽ…»። መልሰው ሲሰሙት ከግድግዳ ወዲያ ሰው በስልክ የሚጣላ ይመስላል። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ወንድሜ፣ አንተ ተቀባይ ነህ። አውጪ የለህም» አለው። ሌላ ድምጻዊ አምጥቶ ከፊት ማስቀደም ይቻላል፤ ያ ግን ሌላ ጎፈሬ መቅጠር ነው። «ስቱዲዮው እስከ ዓርብ ያንተ ነው» አለ ጆሮ። «ቅዳሜ እነጎፈሬ ይዘውታል።»

ያን ዕለት ማታ ጎፈሬ ራሱ ደወለ። ድምፁ ማር ሆኗል። «ማሚቶዬ፣ ተቀያየምን እንዴ? ቅዳሜ እዚያው ስቱዲዮ ነን። የድሮ ቦታህ፣ ከኋላዬ። ተስማማን?»

«ስማማን» አለ ማሚቶ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ሚስቱ የያዘችውን ፎጣ ወረወረችበት። «ተስማማህ? እሺ አልከው? ወይኔ ሰውዬ!» ማሚቶ የራሱን አፍ በእጁ ያዘ። ቃሉን ሰጥቷል፤ ማፍረሻውን ደግሞ ከየት ይጀምረው? እስከ ዓርብ አንዲት ዘፈን ከአናቷ ጀምሮ ካላወጣ፣ ቅዳሜ ከጎፈሬ ጀርባ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መቃብሩ ንቅንቅ የለም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

በዚህ መሀል ሌላ ጉድ መጣ። ሚስቱ የሚያስጨንቃት አንድ ተማሪ ነበራት፣ ባለ ልኳንዳ። ሙሉ በሬ ሲበልት እጁ ዝንፍ የማይል ጎልማሳ፣ መሪ ሲይዝ እንደ ሙሽራ ይርበተበታል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ስንቴ ተፈትኖ ወድቋል። ማክሰኞ ዕለት ቀኝ ስትለው ግራ፣ ግራ ስትለው ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥታ ሲነዳ፣ እሷም ስትጮህ ስትጮህ ድምጿ ቋ ብሎ ተቋረጠ። ሐኪሟ ጉሮሮዋን በመብራት አየና «አንድ ሳምንት ቃል እንዳይወጣሽ፤ ሹክሹክታም ክልክል ነው» ብሎ አስጠነቀቃት።

ያኔ ቤቱ ዝም አለ፣ ዝም ብሎ ዝም። ማሚቶ እንድትጠይቀው ይጠብቃል፤ እሷ አትችልም። ሰው «ራበህ?» ካላለው መራቡን የማያውቅ ሰውዬ ሆዱ እየጮኸ ምጣድ ምጣዱን ሲያይ አመሸ። ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ተፋጠው ቁጭ አሉ። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ መልሳ ደግሞ ሳቋ መጣ፣ ያውም ያለ ድምፅ።

ባለ ልኳንዳው የሚፈተነው ሐሙስ ነው፤ ረቡዕን መዝለል አይቻልም። ጠዋት ሚስትየው ማሚቶን በጣቷ ጠቆመችው፣ ከዚያ መኪናዋን፣ ከዚያ የራሷን ጉሮሮ። ገባው። እሷ በእጇ ምልክት ልትሰጥ፣ እሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በድምፅ ሊያወጣው ነው። አፏ ሊሆን! ቢፈራም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እምቢ ማለት የት ለምዶ?

ባለ ልኳንዳው በመስታወት የማሚቶን ጺም አየና «ምነው፣ ፖሊስ ይዘሽብኝ መጣሽ?» አለ።

«መጣሽ» አለ ማሚቶ በትሕትና።

መኪናዋ እየተንገጫገጨች ወጣች። መታጠፊያው ጋ አንድ ፍራሽ ሻጭ ዕቃውን መንገድ ዳር ደርድሮታል። መኪናዋ ወደ ፍራሾቹ ስታዘነብል ሚስትየው መዳፏን ዘረጋች፦ ፍሬን። ማሚቶ ምልክቱን አየ። አይቶም እንደ ልማዱ፣ ሌላ ሰው እስኪለው ጠበቀ። መኪናዋ በቀስታ ሄዳ ሁለት ፍራሽ መሀል አፍንጫዋን ቀበረች።

«ፍሬን» አለ ያኔ ማሚቶ።

ባለ ልኳንዳው ዞሮ አየው። «ልጄ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!»

«ደቆስ።»

ሚስትየው ግንባሯን ከፊቷ ባለው ዳሽቦርድ ልትመታ ምንም አልቀራት። ፍራሽ ሻጩ ያወረደባቸውን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ልጆች ያነቡ ይሆናል።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ግን ቀልዱ አለቀ። ሚስትየው ጉሮሮዋ ከርክሯት ሐኪሙ ያዘዘላትን ከረሜላ ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ አንገቷን ቀብራለች። ባለ ልኳንዳው ጥርሱን ነክሶ ወደ ፊት ብቻ ያያል። በግራ በኩል ድንጋይ የጫነ መኪና እየገሰገሰ ይመጣል። ማሚቶ አየው። የሚስቱን እጅ ፈለገ፣ የለም። የሰው ድምፅ ፈለገ፣ የለም። የሚቀበለው ነገር በዓለም ላይ የለም። ከሆዱ ሥር፣ ከማያውቀው ቦታ፣ አንድ ነገር ተፈንቅሎ ወጣ።

«ያዝ! ፍሬን ያዝ፣ አንተ ሰውዬ!»

መኪናዋ ቀጥ። ድንጋይ ጫኙ መኪና ፊታቸውን ገርፎ አለፈ። ቀድሞ የነቃው ማሚቶ ነው፤ ደንግጦ «ይቅርታ ጋሼ! ይያዙ ለማለት ነው» አለ።

«'ይያዙ' እስክትል እኮ ለቀብራችን ዕድር ይጠራ ነበር!» አለ ባለ ልኳንዳው ላቡን እየጠረገ። «አንተ በለኝ፣ የእናቴ ልጅ! መንጃ ፈቃዱን እስክይዝ አንተ በለኝ!»

ሚስትየው ከረሜላውን ጣቷ ላይ እንደያዘች ዞራ ባሏን አፍጥጣ ታየዋለች። የማታውቀው ሰው ኋላ ወንበር ላይ የተሳፈረ መሰላት። ከዚያማ ማን ያስቆመው! «ማርሽ ቀይር! ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ! መሪውን አትነቅ፣ ዶሮ ነው እንዴ?» እጇን ሳታነሳ እሱ ይቀድማል። ለእግረኛው ይጮሃል፣ ለብስክሌቱ ይጮሃል፣ መንገድ ለምታቋርጥ ድመት ሳይቀር መመሪያ ይሰጣል። ማታ ቤት ገብተው ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ርቦኛል!» ብሎ አወጀ። ሚስቱ የያዘችው ሰሃን ከእጇ ሊያመልጥ ነበር።

ሐሙስ ባለ ልኳንዳው ፈተናውን አለፈ። ማሚቶን አቅፎ ከመሬት አነሳው፤ ያን ሰውዬ ማንሳት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ዓርብ ስቱዲዮ ገቡ። ጆሮ ከመስታወቱ ወዲያ ማሽኑ ጋ፣ ሚስትየው አጠገቡ። ቀኑ ስለሞቀ በመሀል ያለው በር ክፍት ነው። ሁሉ መልካም ነበር፤ ጎፈሬ ባይመጣ። የነገውን ዕቃ ቀድሞ ላስቀምጥ ብሎ መጣና ወሬውን ሰምቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጠብቁ፣ መጨረሻዋን ቃል ትሰማላችሁ» አለ እየሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም እኮ፤ ሌላ ሰው መናገር ይችላል ብሎ አስቦ ስለማያውቅ ነው።

ከበሮው ተመታ። ጊታሩ ገባ። ማሚቶ መስታወቱን አሻግሮ ጎፈሬን አየ፣ አፉንም ከማይኩ አራቀ። አሥራ ሁለት ዓመት ያየው ያ ጀርባ አሁን ፊት ሆኖ ተቀምጧል። ያ የአደባባዩ ድምፅ የት ገባ? ጎፈሬ አዘነለትና ሊያስጀምረው ከወንበሩ ተነሳ፤ አፉን ከፈተ፣ አየር ሳበ። አንዲት ቃል ከዚያ አፍ ከወጣች ማሚቶ ይከተላታል፣ ከተከተላትም አለቀለት። ሚስትየው ይህን አየችና ሳታውቀው እጇ ተነሳ። ባለ ልኳንዳውን እንዲህ ነበር የምታስነሳው፦ ሂድ።

ማሚቶ እጇ ሙሉ በሙሉ እስኪነሳ አልጠበቀም። የዘፈኑ መጀመሪያ «ከተማው ሲመሽበት» ነበር የሚለው። እሱ ግን ዓይኗን እያየ፣ በዚያ ከድንጋይ ጫኙ መኪና ባዳናቸው ድምፅ፣

«እወድሻለሁ!» አለ።

ስቱዲዮው ተናወጠ። ሚስትየው ሐኪሙንም፣ ጉሮሮዋንም፣ የቀረውንም ሳምንት ረሳች። በተከፈተው በር በኩል፣ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ በሚንጫጫ ድምፅ፣

«ሻለሁ!» አለች።

ጎፈሬ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ወዲያው ማሚቶ ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረ፣ ሦስተኛውን ጀመረ፣ ዘፈኑን ከአናቱ እስከ እግሩ አወጣው። ሲጨርስ ጆሮ ዓይኑን ጠርጎ (አቧራ ነው ብሏል) «ግሩም! ያቺን የምትንጫጫዋን ብቻ እናጥፋት» አለ።

«እንዳትነካት!» አለ ማሚቶ።

«ነካት…» አለ ጎፈሬ ቀስ ብሎ፣ ሳይታወቀው። ከዚያም ደንግጦ ከንፈሩን ነከሰ።

«አንተ ደግሞ» አለው ማሚቶ፣ «ነገ አልመጣም። ቤዝ የሚመታ ፈልግ።» እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ከእሱ አፍ ሰምቶ የሚያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

አልበሙ ከወራት በኋላ ወጣ። ስሙ «ሻለሁ» ይባላል። ትርጉሙን የማያውቅ ሁሉ የጥንት ቋንቋ እየመሰለው ይገዛል።

ከዚያች ዓርብ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ግን ሚስትየው ሐኪም ዘንድ ቀርባ ነበር። ሐኪሙ ጉሮሮዋን በመብራት አይቶ ተቆጣ፤ ቁስሉ ተመልሶ አገርሽቷል። ሌላ ሳምንት ዝምታ አዘዘባት። «ምን የሚሉት ችኮላ ነው?» አላት። «አንዲት ሳምንት መታገስ አቅቶሽ?»

እሷ መልስ መስጠት አትችልም። ባሏን አየችው። እሱ ቀድሞ አፉን ከፍቶ ነበር።

«አልቸኮለችም ዶክተር» አለ። «ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለች።»