እሳት የሚያየው ዓይን

የመጋዘኑ ብረት በር ከኋላቸው ተዘጋ። የጨርቅ ፋብሪካው ዕቃ ቤት ኃላፊ ግድግዳው ላይ ያለውን መክፈቻ ደጋግማ ተጫነችው፤ በሩ ንቅንቅ አላለም።

«አለቀልን» አለች።

ልጇ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ከምሳ በኋላ ፊዚክስ ትፈተናለች። ብቻዋን ብትሄድ መኪና ይገጫታል፣ መኪና ቢምራት እንኳ ታክሲ ታጣለች ብላ፣ እናት ራሷ ልታደርሳት ሥራ ቦታ ድረስ ይዛት መጣች። አሁን ስልካቸው ሲገቡ ያስረከቡት ጥበቃው ጋ ነው፤ ጥበቃው ምሳ ወጥቷል፤ ግድግዳው ጩኸት አያሳልፍም።

«ቤት ብትተዪኝ ይሄኔ ደርሼ ነበር» አለች ልጅ። «አንቺ እኮ ማቆሚያ ቮልቴጅ ነሽ። የፈጠነውን ኤሌክትሮን ሳይቀር ሊደርስ ሲል ትመልሺዋለሽ።»

«ስደቢኝ፤ ብቻ አውጪኝ።»

ጣሪያው ላይ እሳት የሚያይ መሣሪያ አለ። እሳት ሲያይ ደወሉ ይጮኻል፣ በሩም በራሱ ይለቃል። እናት መደርደሪያው ላይ የነበረውን ትልቅ የእጅ ባትሪ አንስታ አነጣጠረችበት። ምንም የለም። መሰላል ላይ ወጥታ አፍንጫው ሥር አበራችበት። ጭጭ አለ።

«ተበላሽቷል። እዚሁ መቅረታችን ነው።»

ልጅ ተራዋን ወጥታ የተጻፈበትን አነበበች።

«ደህና ነው። አልትራቫዮሌት ብቻ ነው የሚያየው። ውስጡ ያለው ብረት መነሻ ድግግሞሽ አለው፤ ብርሃኑ ከዚያ በታች ከሆነ መቶ ባትሪ ብታበሪ ከብረቱ አንድ ኤሌክትሮን አይወጣም፣ ደወሉም አይጮኽም። ነበልባል ግን ትንሽም ብትሆን ያ ብርሃን አላት። ምን ዋጋ አለው፣ ክብሪት የለን።»

 የእናት እጅ ወደ ሽርጧ ኪስ ሄደ። ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እሷ ግን ጥጡን ከናይለን የምትለየው ደጅ ላይ አንድ ክር መዝዛ፣ አቃጥላ፣ አሽትታ ነው።

«ያባርሩኛል» አለች። «ጨርቁም ይያያዛል። ተቃጥለን እንሞታለን።»

«እማዬ፣ ፈተናው።»

እናት ከጨርቁ ርቃ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ቆመችና ክብሪቱን ጫረች። ያቺ ነበልባል ከባትሪው ጎን እዚህ ግባ የምትባል አልነበረችም። ደወሉ ጮኸ። በሩ ቀጭ ብሎ ለቀቀ።

ልጅ በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «ነይ እንጂ።»

እናት እግሯን አነሳች። ጥበቃው ምሳውን እያኘከ ሲሮጥ ታያት። አንድ ሰው ቀርቶ ማስረዳት ነበረበት። የከተማው መኪና ሁሉ ባንዴ ልቧ ላይ ነጎደ።

«ሂጂ» አለች። «ስትሻገሪ ግራና ቀኝ…»

ልጅቷ ሄዳለች።

«ማነው የለኮሰው?» አለ ጥበቃው።

እናት የጠቆረችውን የክብሪት እንጨት ዘረጋችለት፤ ዓይኗን ግን ከመንገዱ አልነቀለችም።